የስፓኒሽ ክፍሉ ጭብጨባ

ወደ አርባ ስጠጋ ጂንካ ኮሌጅ ገብቼ ስፓኒሽ ስጀምር፣ ምኞቴ ከመምህሩ አፍ አንዲት «ጎበዝ» መስማት ነበር። ከገዘር በሚያመጣኝ ሚኒባስ ውስጥ ከንፈሬን እያንቀሳቀስኩ ራስን ማስተዋወቅ ሳምንቱን ሙሉ ተለማመድኩ። ተራዬ ሲደርስ አንዲት ቃል ሳልስት ተናገርኩ።

«ጥሩ፤ ቀጣይ» አለ መምህሩ።

ከካኮ የመጣች ወጣት ተማሪ ተነሣች። ግሶቹን ሰባበረቻቸው፤ የጠፋትን ቃል በእጇ አሳየች፤ ክፍሉ ሲስቅ አብራ ሳቀች።

«ጎበዝ!» አላት መምህሩ፤ ተጨበጨበላት። እኔ ግን አላጨበጨብኩም።

ስንወጣ ክንዴን ይዛ፣ «እትዬ፣ አንቺ እኮ መጽሐፍ ነሽ! እስቲ አርሚኝ» አለችኝ። ደስ እያለኝ አንድ በአንድ አረምኳት።

በማግስቱ ተነሥታ እነዚያኑ ስህተቶች አንድም ሳታስቀር ደገመቻቸው። መምህሩ ዛሬም «ጎበዝ!» አላት። እኔም ጥርሴን ነክሼ አጨበጨብኩ።