በካልሲ ፍለጋ ያለፈች ሰዓት

ጠዋት 2፡30፣ ከቂርቆስ

ባለቤቴን ተስፋዬን ስትሮክ ከመታው ስድስት ወሩ ነው። ዛሬ የተጠራነው ካዛንቺስ ወዳለ ክሊኒክ ነው። እዚያ ያሉ ሐኪሞች የታመሙትን መልሰው እያዩ፣ አንጎል ከጉዳት እንዴት እንደሚተርፍ ያጠናሉ። እኔ የፈራሁት አንድ ጥያቄ ነበር። በታመመበት ቀን ሆስፒታል «ከጀመረው ምን ያህል ቆየ?» ሲሉኝ «ወዲያው ነው ያመጣሁት» ብዬ ነበር። ወዲያው አልነበረም።

ቤተ ክርስቲያን ተሳልመን ወደ ለገሃር ወረድን። መንገዱ ለጤነኛ አሥር ደቂቃ ነው፤ ለእኛ አርባ ፈጀ። እግሩ ቢጎተትም ሰላምታ አያልፍም።

ታክሲ ውስጥ አንዲት ሴት ቦታዋን ለቀቀችለት።

«አባባ፣ ቀስ ይበሉ፤ አንቸኩልም።»

«የማትቸኩይውስ አንቺ ነሽ» አላት ሾፌሩ።

ለሁለታችን ሁለት ብር ከሰባ ከፈልን።

3፡45፣ ካዛንቺስ

ክሊኒኩ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። መብራት ስለጠፋ ሊፍቱ ቆሟል። ወጣቷ ሐኪም በር ላይ ተቀበለችን።

«እግርዎ እንዴት ነው አባባ?»

«ደረጃውን ጠይቂው።»

ከዚያ ስለ ትውስታው ፈተነችው። እኔን «እማማ፣ እርስዎ አይመልሱ» አለችኝ። ሠላሳ ዓመት ስመልስለት ኖሬ ከበደኝ።

«ዛሬ ቀኑ ስንት ነው?»

«ተክለ ሃይማኖት።»

«ሃያ አራት» አልኩ።

«እማማ።»

አፌን በነጠላዬ ሸፈንኩ።

«የታመሙበትን ቀን ያስታውሳሉ?»



«ቁርስ ላይ ነበርኩ። የሬዲዮ ዜና ሲጀምር ግማሽ ጎኔ ከዳኝ» አለ። «እሷ ግን በፒጃማ አታወጣኝም። ሸሚዝ ተኮሰች። ሱሪ አለበሰችኝ። አንድ ጥቁር ካልሲ አገኘች፣ ሌላውን አጣች። አልጋ ሥር ገባች። ከቤት ስንወጣ የሚቀጥለው ሰዓት ዜና ጀመረ።»

«አንድ ሰዓት» አለች ሐኪሟ፤ ጻፈች።

«ታዲያ ያኔ ለምን አልተናገርክም?» አልኩት።

«አፌ መቼ ታዘዘኝ። ደግሞ ያጣሽው ካልሲ በግራ እጄ ነበር።»

ሐኪሟ ብዕሯን አስቀምጣ ሳቀች። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች።

«እማማ፣ ደም ያልደረሰው አንጎል በየደቂቃው ይጎዳል። እኛ የምናጠናው ያችን ደቂቃ ነው። እውነተኛው ሰዓት ካልተጻፈ ለሌላው በሽተኛ አይጠቅምም።»

«ሰው ፊት በፒጃማ እንዴት ይወጣል ብዬ ነው ልጄ።»

«ይወጣል። እኛ ልብስ አናይም። አባባ ትውስታቸው ደህና ነው፤ እግዚአብሔር ይመስገን።»

«ይመስገን» አልኩ። ትንሽ ቢረሳልኝ ግን ባልከፋኝ።

7፡00፣ ደምበል

ስንመለስ ደምበል ወረድን። ተስፋዬ ሱቅ ፊት ለፊት ተቀምጦ ጠበቀኝ። ሰማያዊ ፒጃማ ገዛሁ፤ አንገትጌ ያለው፣ በደህና ቁልፍ የሚቆለፍ።

«ይሄ ለምንድን ነው?» አለኝ።

«ክፉ ቀን ከመጣ በዚህ ትወጣለህ። ሳልለውጥህ።»

«የሠርግ ልብሴም እንዲህ አላማረም።»

ቤት፣ ከሰዓት

ሰው አፍሬ ከባሌ የነጠቅሁትን ሰዓት እግዚአብሔር እሱን ሳይነጥቀኝ ይቅር አለኝ። ጎረቤቶቼንም ጠርቼ ነገርኳቸው፦ አፉ የተጣመመ፣ እጁ የዛለ ሰው ካያችሁ በለበሰው ልብስ ይሂድ።

ፒጃማውን ተኩሼ ከበሩ ጀርባ ሰቀልኩት። ኪሱ ውስጥ ጥንድ ጥቁር ካልሲ ከተትኩ።

ካልሲውን ታክሲ ውስጥ ያደርገዋል።