ከመጋዘን የወጣ ውጤት

ሥራ የጀመርሁ ዕለት መጀመሪያ የታዘዝሁት ጫማዬን እንዳወልቅ ነበር። ቆቦ ላይ፣ ከአውራ ጎዳናው ዳር፣ ጋሼ ተክላይ የከፈቱት የኮምፒውተር ቤት በር ላይ «በጫማ መግባት ክልክል ነው» የሚል ወረቀት ተለጥፏል። ደሴ የጥገና ኮርስ ጨርሼ፣ ካቻቢቴና መልቲሜትር በቦርሳዬ ይዤ የመጣሁ ባለሙያ፣ በባዶ እግሬ ቆሜ ተቀጠርሁ።

«ምነው ጫማው?» ብዬ ጠየቅኋቸው።

«አቧራ ይገባል» አሉኝ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ቫይረስም አለ ይላሉ» ብለው ጨመሩ።

ሳቄን መያዝ አልቻልሁም። የኮምፒውተር ቫይረስ በእግር እንደማይገባ አስረዳኋቸው። ጋሼ ተክላይ አልተቀየሙኝም፤ ወረቀቱን ግን አላነሱትም። ወላጆቻቸው ከማይጨው በኩል መጥተው ቆቦ የከተሙ ነጋዴዎች ናቸው፤ እሳቸውም ያመኑበትን ነገር በቀላሉ የሚለቁ ሰው አይደሉም። በአቧራው በኩል ደግሞ ልክ ነበሩ። በበጋ ከሜዳው የሚነሳው ንፋስ ማሽኑ ውስጥ ገብቶ ማራገቢያውን ያንቀዋል። ግማሹ ሥራዬ ክዳን ፈትቶ በብሩሽ መጥረግ ነበር።

ማሽኖቻችን ጥቂት ናቸው። አሮጌዎቹ ዊንዶውስ ዘጠና ስምንት፣ ሌሎቹ ኤክስፒ ነበሩ። ዘጠና ስምንት ብስጩ ነው፤ ደህና ሲሠራ ይቆይና ድንገት «ሕገ ወጥ ተግባር ስለተፈጸመ ይዘጋል» የሚል በእንግሊዝኛ ያወጣል። አንድ የእህል ነጋዴ ማመልከቻ ሲያስጽፉ ይኸው መጣ። ምን እንደሚል ጠየቁኝ፤ ተረጎምሁላቸው። ሰውየው ብድግ ብለው፣ «እኔ እጀን አላነሳሁም፤ የጻፈችው እሷ ናት!» ብለው ወደኔ ጠቆሙና ጫማቸውን አንስተው ወጡ። ማመልከቻውን በማግሥቱ የወሰደላቸው ወንድማቸው ነው።

ለጋሼ ተክላይ የሁሉም በሽታ መድኃኒት ፎርማት ነበር። ማሽኑ ቢዘገይ ፎርማት፤ ፕሪንተሩ ወረቀት ቢበላ ፎርማት። እንደ ጠበል ነበር የሚያምኑበት። ቫይረሱን ደግሞ የቆቦ ሰው «ከአላማጣ በመጣ ፍላሽ ገባ» ይላል። አላማጣ ለጥገና ስሄድ «ይኼ የቆቦ ቫይረስ ነው» ይሉኛል። መሀል ላይ ያለችው ዋጃ ግን ከሁለቱም ተቀብላ ዝም ትላለች።

ቪስታ የሚባለው አዲሱ ዊንዶውስ የወጣ ጊዜ ጋሼ ተክላይ ጓጉተው አንዱ ማሽን ላይ አስጫኑኝ። መልኩ ያምራል፤ ግን አይንቀሳቀስም። ቆመው ሲያዩት ቆይተው፣ «ሙሽራ ነው፣ ሥራ አይነካም» አሉና አስነሱት። አንድ የበጎ አድራጎት ድርጅት ሠራተኛ ኡቡንቱ የሚባለውን ሲስተም በሲዲ አምጥቶ፣ «ቫይረስ አይገባበትም» ብሎ ሰጠን። እውነቱን ነው፣ አልገባበትም። ፕሪንተራችንም አልገባበትም። ጋሼ ተክላይ፣ «ሌባ የማይደርስበት ቤት ዘመድም የማይደርስበት ነው» አሉ። የእኔን አስተያየት የሚጠይቀኝ ካለ፣ ከሁሉም ኤክስፒን እመርጣለሁ። ጥሩ ስለሆነ አይደለም፤ ዓመሉን ስለማውቀው ነው።

ከሁሉ የሚብሰው ኢንተርኔቱ ነበር። መስመሩ የስልክ ነው። ብራውዘሩን ከፍታችሁ፣ ጎረቤታችን ጎብዬ ደርሳችሁ፣ ገበያውን ጨርሳችሁ ብትመለሱ፣ ገጹ ግማሽ ሥዕል አሳይቶ ይጠብቃችኋል። ያን ጊዜ በእኛ አካባቢ ያሉ ቤቶች አንድ ብልሃት ነበራቸው። ብራውዘር ያየውን ገጽ ማሽኑ ውስጥ ያስቀምጣል። መስመሩ ሲዘገይ፣ «አዲስ ነገር አለ ወይ?» ብሎ ከመጠበቅ ያስቀመጠውን እንዲያወጣ ማዘዝ ይቻላል። እኛ «ከመጋዘን ማውጣት» እንለው ነበር። ጋሼ ተክላይ ብልሃቱን ዋጃ ካለ ወዳጃቸው ተምረው መጡና ማሽኖቹን ሁሉ እንደዚያ አደረጓቸው።

«አየሽ ሓፍተይ» አሉኝ፤ እህቴ ማለታቸው ነው። «ዓይን ሳይጨፈን ይከፍታል።»

«ጋሼ፣ የሚያሳየን እኮ የትናንቱን ዜና ነው።»

«እዚህ አገር የትናንቱ ዜና ለማን ደርሶ ነው!»

እኔ ማሽኖቹን ወደ ቀድሞው እመልሳለሁ፣ እሳቸው እንደገና ከመጋዘን እንዲያወጡ ያደርጓቸዋል። ይኼ የሁለታችን ቀልድ ሆኖ ከረመ።

ለምለም ካሳው ያን ሰሞን ነው ወደ እኛ ቤት መምጣት የጀመረችው። የጎብዬ ገበሬ ልጅ ናት፤ ቆቦ ከጓደኞቿ ጋር ቤት ተከራይታ አሥረኛ ክፍል ትማር ነበር። ቅዳሜ ቅዳሜ ታይፕ ልታጠና ትመጣለች። እጇ ፈጣን፣ አፏ ከእጇ የፈጠነ። ኤክስፒ በተደነቃቀፈ ቁጥር «ስሕተቱን ልላክ ወይስ አልላክ?» ብሎ ይጠይቃል። ለምለም ሁልጊዜ «ላክ» ትለዋለች። አንድ ቀን ዞር ብላ፣ «ሰብለ፣ ይኸን ሁሉ ጊዜ አቤት ብለናል፤ መልስ የሰጠ የለም። ቀበሌ ነው እንዴ?» አለችኝ።

የአሥረኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተናውን ከወሰደች በኋላ ግን ቀልዷ ጠፋ። ምን እንዳገኛት ብጠይቃት አባቷ ዘንድ ሽማግሌ ተልኮ እንደነበር ነገረችኝ። አባቷ አቶ ካሳው ለሽማግሌዎቹ፣ «ልጅቱ ካለፈች ትማራለች፤ ካላለፈች ልጄ ልጃችሁ ናት» ብለው ቃል ሰጥተዋል።

«አባየ ቃሉን አያጥፍም» አለችኝ። «ለዚህ እኮ ነው የፈራሁ።»

«ታልፊያለሽ።»

«ካላለፍሁ አልዳርም። ከጓደኞቼ፣ ከነብርነሽ ጋር እወርዳለሁ።»

መውረድ ሲባል እኛ ዘንድ ማብራሪያ አያሻውም። በአፋር በረሃ ወደ ባሕሩ፣ ከባሕሩ ማዶ ወደ ሳዑዲ ነው። ከየሰፈሩ የወረደ አለ፤ ከየሰፈሩ ድምፁ የጠፋም አለ። ተቆጣኋት።

ውጤቱ በኢንተርኔት የተለቀቀ ዕለት ሰልፉ ከበራችን ተነስቶ አውራ ጎዳናው ደረሰ። ያኔ ልማዱ፣ ተማሪው ቁጥሩን ለባለማሽኑ ይነግራል፤ ባለማሽኑ ያስገባና ድምፁን ከፍ አድርጎ ያነባል፤ የቆመው ሁሉ ይሰማል። ያለፈ ይታቀፋል፤ የወደቀ ሰው እንዳያየው አንገቱን ደፍቶ ይወጣል። ያን ቀን አንደኛው ማሽን ቆሞብኝ ክዳኑን ፈትቼ ጓዳ ነበርሁ። የሚያነቡት ጋሼ ተክላይ ናቸው። ስክሪናችን ትንሽ ስለሆነ ስሙ ከላይ ይቀራል፤ እሳቸውም ሰልፉ እንዳይቆም ብለው ገጹን ወደ ታች ስበው ነጥቡን ብቻ ያነባሉ።

«ለምለም ካሳው!» ሲሉ ሰማሁና ጆሮዬን ጣልሁ። ነጥቡን በየትምህርቱ አነበቡ። ከዚያ ቀስ ብለው፣ «አይዞሽ ልጄ» አሉ። ካቻቢቴዬን ጥዬ ወጣሁ። ሰልፉን ሰንጥቄ በር ስደርስ ለምለም የለችም።

ወደ ጓዳ ተመልሼ፣ ማሽኑን ጨርሼ እንደገና ወደ ፊት የወጣሁት ከብዙ ሰዓት በኋላ ነው። አንዲት ልጅ እያለቀሰች፣ «እኔና እሱ በሁሉም ትምህርት አንድ ዓይነት ነጥብ እንዴት ይመጣልናል?» ትላለች፣ አንድ ጎረምሳ እያሳየች። ጋሼ ተክላይ፣ «ይገጥማል» አሉ። ነጥቡን ነገረችኝ። ለለምለም ሲነበብ የሰማሁትም ያው ነበር።

ወንበሩን ከጋሼ ተክላይ ተቀበልሁ። ገጹን ወደ ላይ ስስበው የወጣው የሌላ፣ የማላውቀው ልጅ ስም ነው። የውጤቱ ገጽ አድራሻው ለሁሉም ተማሪ አንድ ነው፤ የሚለየው የሚገባው ቁጥር ብቻ ነው። መስመሩ ሲጨናነቅ ብራውዘሩ «አልደረሰኝም» ማለት ሲገባው፣ ጠዋት መጀመሪያ ያስቀመጠውን ያንኑ ገጽ ከመጋዘን እያወጣ ሲያቀርብ ነበር። ማስተካከያውን መልሼ፣ የተቀመጠውን ሁሉ አጥፍቼ፣ ጋሼ ተክላይ ጽፈው የያዙትን የለምለምን ቁጥር አስገባሁ። ገጹ ቀስ እያለ መጣ። ስሟ ከላይ አለ። አልፋለች፤ ያውም በጥሩ ነጥብ።

ጋሼ ተክላይ ግድግዳውን ይዘው ቆሙ። ከሰልፉ አንዱ ሊያጽናናቸው፣ «ማሽን ነው ጋሼ፣ ምን ይደረጋል» አላቸው።

«ድምፁ የኔ ነው» አሉ።

ገጹን አትሜ በባጃጅ ወደ ጎብዬ በረርሁ። እቤቷ ሄዳ ይሆናል ብዬ ነው ተስፋ ያደረግሁት። አቶ ካሳው ማሳቸው ውስጥ ማማ ላይ ሆነው ማሽላውን ከወፍ ይጠብቁ ነበር። ቀጭን፣ ዝምተኛ ሰው ናቸው። ከታች ሆኜ «የለምለም አባት፣ አልፋለች!» ብዬ ጮህሁ። ወንጭፋቸውን ጥለው ሁለት እጃቸውን ወደ ላይ አነሱ። ከዚያ በማዶ ማሳ ላሉት ጎረቤታቸው፣ «ልጀ አለፈች! ሰማህ ወይ፣ ልጀ አለፈች!» እያሉ ተጣሩ። በሕይወቴ እንደዚያ የተደሰተ ሰው አይቼ አላውቅም።

ወረዱና ወረቀቱን ተቀብለው አገላብጠው አዩት። ከዚያ ከኋላዬ ባጃጁን ተመለከቱ።

«እሷሳ? ምነው አልመጣች?»

ያኔ ነው የሌላ ልጅ ውጤት ተነቦላት መጥፋቷን የነገርኋቸው።

በዚያው ባጃጅ ተመለስን። ቤት የምትጋራት ልጅ፣ ለምለም ልብሷን ጠቅልላ ከብርነሽ ጋር ወደ አፋር በሚወርድ አይሱዙ መሄዷን ነገረችን። አቶ ካሳውና ጋሼ ተክላይ ተከትለው ወረዱ። ቆይተው ብቻቸውን ተመለሱ። የደረሱበት ሁሉ «አልፈዋል» ነው የተባሉት። ጋሼ ተክላይ ከዚያ በኋላ የማንንም ውጤት አላነበቡም። ማሽኖቹንም ለኔ ትተው አብዛኛውን ቀን ደጅ ወንበር አውጥተው ይቀመጣሉ።

ለምለም በሕይወት መኖሯን የሰማነው ብዙ ወር ቆይቶ ነው። ጅዳ ሰው ቤት ገብታለች። ማዳሟ የፈቀደችላት ቀን በኢንተርኔት ትደውላለች፤ አባቷም ከጎብዬ መጥተው እኛ ቤት ያነጋግሯታል። ማለፏን ልንገራት ስላቸው፣ «የለም፣ እኔው እነግራታለሁ። ከባዕድ አፍ እንዳትሰማው» አሉኝ። አባት ናቸውና እሺ አልሁ።

አልነገሯትም። ማዳመጫውን ጆሯቸው ላይ አደርግላቸዋለሁ፤ እሳቸው ስለ ዝናቡ ያወራሉ፣ ስለ በሬያቸው ያወራሉ፣ ላባቸውን ይጠርጋሉ። ሲጨርሱ፣ «ዛሬ ልነግራት ነበር፤ አፌ አልታዘዝ አለኝ» ይሉኛል። እንዲህ እያለ ክረምት አለፈ፣ ሌላም መጣ።

አንድ ቀን አባቷ ሳይደርሱ ደወለች። ድምፅ ይሰማ እንደሆነ ልፈትሽ ማዳመጫውን እኔ አደረግሁት።

«አባየ መጣ?»

«መንገድ ላይ ናቸው።»

«እንግዲያው ሳይመጣ ልንገርሽ። ማለፌን አውቃለሁ።»

«ከማን ሰማሽ?» አልኋት።

«እዚህ የገባሁ ሰሞን በማዳሟ ልጅ ኮምፒውተር አየሁት። ቁጥሬን በቃሌ ይዠው ነበር» አለች። «ስሜ ከላይ አለ። ሌት ተቀን አለቀስሁ፤ አሁን ወጥቶልኛል።»

«ታዲያ ለሳቸው ለምን አልነገርሽም?»

«ልንገራት እያለ ሲጨነቅ ይሰማኛል እኮ። ካወቅሁ የምሞት ይመስለዋል። አንችም እንዳትነግሪው። ዝናቡን ያውራኝ ተይው።»

ከጀርባዬ አቶ ካሳው ገቡ። ተነስቼ ወንበሩን ለቀቅሁላቸው፤ ማዳመጫውንም አደረግሁላቸው። «ልጀ፣ ዘንድሮ ዝናቡ ደህና ነው» ብለው ጀመሩ።

ከዚያ ወዲህ ሲስተሙም ብራውዘሩም ብዙ ጊዜ ተቀያይሯል። ሁሉንም ጭኛለሁ፤ ሁሉንም ተራግሜያለሁ። ሥራውን አሁን ለያዛችሁ የምነግራችሁ አንድ ነገር ነው። የሰው ውጤት ስታነቡ ከስሙ ጀምሩ። ስሙ ካልታያችሁ አታንብቡ።