ጠብታ የማታመልጠው ሰውና ጭቃ ያጣችው ንብ

ለሚመለከተው ሁሉ፣ ለማይመለከተውም ጭምር፤ ለባለሥልጣን፣ ለባለሱቅ፣ ሥራ ፈትቶ በረንዳ ላይ ለተቀመጠም ሰው እንዲታወቅ፤ ቁመቱ ከበር እጀታ ብዙም የማያልፍ፣ ሐውልት ያልቆመለት፣ እንዲቆምለትም ማንም ያላሰበ አንድ ቧንቧ ሠራተኛ በመካከላችን እንደሚኖር በዚህ ጽሑፍ ታውጇል። ሰፈርተኛው «ድርቅ» ይለዋል። ዝናብ ከልክሎ አይደለም፤ እሱ የነካው ቧንቧ ዳግመኛ ስለማያንጠባጥብ ነው።

ድርቅ እንግድነት ሲሄድ መጀመሪያ ሰላም የሚለው የቤቱን ባለቤት ሳይሆን የቤቱን ቧንቧ ነው። ጆሮውን ግድግዳው ላይ ይለጥፋል፣ ዓይኑን ይጨፍናል፣ ከዚያ መጥፎ ወሬ እንደያዘ ሐኪም ፊቱን አጨፍግጎ «እዚህ ውስጥ የሆነ ነገር አለ» ይላል። በአንድ ሰርግ ላይ ለፎቶ ተፈልጎ ሲጠፋ፣ ከነሱፍ ልብሱ የዕቃ ማጠቢያው ሥር በጀርባው ተጋድሞ ተገኝቷል። በሕይወቱ እሱን ያሸነፈችው አንዲት ሰው ብቻ ናት፤ ጎረቤቱ ያለችው ልብስ አጣቢ። የግቢዋ ቧንቧ ከስንት ዘመን ጀምሮ ጠብ፣ ጠብ ይላል።

«እትዬ፣ በነፃ ልሥራልሽ» ይላታል ባልዲ ላይ ቆሞ በአጥሩ አሻግሮ።

«አትንካብኝ። ድምፁ ነው የሚያስተኛኝ።»

«ውኃው እኮ ያልቃል።»

«አንተ ቀድመህ ታልቃለህ።»

ድርቅ የሚኖረው በታላቅ እህቱ የፖም እርሻ ጥግ ባለች አንዲት ክፍል ነው። እርሻው ውበት አይጎድለውም። በየዓመቱ ዛፎቹ ነጭ ለብሰው ሙሽራ ይመስላሉ፤ አበባው ሲረግፍ ግን ቅርንጫፉ ላይ የሚቀረው ቅጠልና ሐፍረት ነው። ባለ ቀፎዎቹ የማር ንባቸውን ይዘው ከአካባቢው ከሄዱ ወዲህ፣ አበባን ከአበባ የሚያገናኝ ሽማግሌ ጠፍቷል።

እህቱ ነገር አታበዛም። «ዘንድሮም ፍሬ ካልያዘ አስቆርጠዋለሁ። ባለ መጋዙን አነጋግሬዋለሁ» አለች እጇን በሽርጧ እየጠረገች።

«ቦታውስ?»

«ይሸጣላ።»

«እኔስ የት ልሂድ?»

«አንተ ምን ቸገረህ፤ ባልዲም ይበቃሃል።»

ቀልድ ነበር፤ የሳቀ ግን የለም።

የእህቲቱ ልጅ ፍሪጅ የሚመስል ሣጥን በመኪና ጭና ከተፍ ያለችው በዚያው ሰሞን ነው። መሐንዲስ ናት። ሣጥኑ ውስጥ ንቦች በሐር ሽፋን ተጠቅልለው በብርድ ተኝተዋል። ቅርንጫፎቹ ላይ የታሰሩ ትንንሽ ካሜራዎች እንቡጡን ይጠብቃሉ፤ አበባው ሊፈነዳ ሲል ለሣጥኑ ይነግሩታል። ሣጥኑ ራሱ ሙቀቱን ይጨምራል፣ ንቦቹን ይቀሰቅሳል፣ በሩን ይከፍታል። መዝገብ ቤት አንድ መሳቢያ ለማስከፈት አለቃ እስኪመጣ በሚጠበቅበት ዓለም፣ ይህ ሣጥን የማንንም ፊርማ አይጠይቅም።

«ማር ይሰጣሉ?» አለች እናትየው።

«አይሰጡም።»

«ንግሥታቸውስ?»

«የላቸውም። እያንዳንዷ ለብቻዋ ነው የምትኖረው። ለብቻዋ ቤት ትሠራለች፣ ለብቻዋ ለልጆቿ ስንቅ ታስቀምጣለች።»

«እንደ እኔ በያት።»

ብቸኛ ንብ ይሏታል። አለቃ የላትም፣ ስብሰባ አትጠራም፣ መፈክር አታሰማም። ስለ ሥራ ሳታወራ ሥራ የምትሠራ ፍጥረት እንዳለች የሰሙ ሁሉ መጀመሪያ አላመኑም።

ለድርቅ የተሰጠው ሥራ ውኃው ነበር። የእህቱ ልጅ ያመጣችው የጠብታ መስኖ ራሱ የሚከፈት፣ ራሱ የሚዘጋ፣ የሆነ ቦታ ላይ ውኃ ከመስመር ከወጣ ደግሞ ግፊቱን አይቶ ቀጥ የሚል ነው። ድርቅ ይህን ሲሰማ የጠፋ ወንድሙን ያገኘ መሰለው። መጋጠሚያውን ሁሉ ውኃ በሚያግድ የቴፍሎን ጥብጣብ ጠቀለለ፣ ቦዩን ደፈነ፣ በዛፎቹ ሥር ጥቁር ላስቲክ አነጠፈ፣ የቧንቧውን ዙሪያ በሲሚንቶ ለሰነ። ሲጨርስ እርሻው የባንክ ቤት ወለል ሆነ፤ በነጭ ካልሲ ቢሄዱበት የሚያቆሽሽ ነገር የለም።

አንድ ማለዳ ሣጥኑ ቀጭ አለና በሩ ተከፈተ። በዚያው ሰዓት በላይ የመጀመሪያዎቹ አበቦች ፈንድተዋል። ማንም ምንም አልነካም።

ወንዶቹ ቀድመው ወጡ። ሥራ የላቸውም፤ በር ላይ ተኮልኩሎ ሴቶቹን መጠበቅ ነው፤ ይህን ደግሞ በየመንገዱ ጥግ የምናየው ስለሆነ አልደነቀንም። ከዚያ ሴቶቹ ወጡ፤ ቀልዱም እዚያው አበቃ። የማር ንብ የአበባውን ዱቄት አርጥባ፣ እግሯ ላይ ጠፍጥፋ፣ በሥርዓት ይዛ ትሄዳለች። እነዚህ ግን አበባው ላይ የሚወድቁት በሆዳቸው ነው። ጠጉራም ሆዳቸው ላይ ደረቁን ዱቄት ጭነው ከአበባ አበባ ሲዘሉ ግማሹን ይበትኑታል። ፖም የሚሆነው ያ የተበተነው ነው። ድርቅ አፉን ከፍቶ ቀረ። የሚባክን ነገር አይቶ መፍቻ ሳያነሳ ሲቀር ያን ቀን የመጀመሪያው ነው።

ግን ንቦቹ እንቁላል እንዲጥሉባቸው ከሣጥኑ ጎን የተደረደሩት የሸንበቆ ቱቦዎች ባዶ ቀሩ። በሣጥኑ ደጅ ያለው ካሜራ የሚመለሱትን ይቆጥራል፤ ቁጥሩ ከቀን ወደ ቀን ያሽቆለቁላል። ቤት ያልሠራች ንብ አትቆይም፤ ንብ ካልቆየች ደግሞ አብዛኛው አበባ ሳይነካ ይረግፋል። እህቱ ሥራዋን ትታ ከየዛፉ ሥር መቆም ጀመረች። የልጇ ዓይን ከኮምፒውተሩ አልነቀል አለ። «ከፕሮግራሙ ይሆናል» ትላለች፤ ታስተካክለዋለች፤ ንቦቹ ይሄዳሉ።

ድርቅ በዓይኑ ተከተላቸው። አጥሩን ተሻግረው ነው የሚጠፉት። ባልዲውን ገልብጦ ቆመበት። ከልብስ አጣቢዋ ቧንቧ ሥር፣ ጠብታው ባራሰው መሬት ላይ፣ ንቦቹ ተሰብስበዋል።

«ነይ እስቲ። ጠምቷቸው ነው» ብሎ ተጣራ።

የእህቱ ልጅ መጥታ ከጎኑ ቆመች፤ እሷ ባልዲ አላስፈለጋትም። አስተውላ አየች። «እየጠጡ አይደለም፣ አጎቴ። ጭቃ እየወሰዱ ነው። ቤታቸውን የሚሠሩት በጭቃ ነው። አንብቤው ነበር፤ ግን እርሻ ላይ ጭቃ ይጠፋል ብዬ እንዴት ላስብ?»

«ቅርብ ካላገኙስ?»

«ጭቃው ወዳለበት ይሄዳሉ፤ እዚያው ቤት ሠርተው ይቀራሉ።»

ልብስ አጣቢዋ ከገንዳዋ ቀና አለች። «ምንድን ነው የምታዩት? ልብስ አይታችሁ አታውቁም?»

ድርቅ ወደ ኋላው ዞሮ የገዛ ሥራውን አየ። በዚያ ሁሉ ስፋት አንዲት እርጥብ ቦታ አልነበረችም። ሰው ዕድሜውን ሙሉ የተመሰገነበት ነገር ቤቱን ሊያፈርስበት ሲመጣ ምን ይላል? ድርቅ መዶሻ አመጣ።

ሲሚንቶውን ሰበረው፣ ላስቲኩን ቀደደው፣ በገዛ እጁ የጠቀለለውን መጋጠሚያ አላላ። ውኃው ጠብ አለ። ወዲያው የመስኖው መዝጊያ፣ ቫልቩ፣ ራሱን ዘጋ። እንደገና አላላው፤ እንደገና ተዘጋ።

«ምን ነካው ይሄ ማሽን?»

«ውኃ ሲፈስ አይወድም» አለች የእህቱ ልጅ። «እንደርስዎ ነው።»

«አንዱ ድርቅ አልበቃኝ ብሎ» አለች እናትየው።

ልጅቷ ኮምፒውተሯን ጉልበቷ ላይ አድርጋ መሬት ላይ ተቀመጠች። ማሽኑን ከተፈጠረበት ዓላማ በተቃራኒ ማስተማር ነበረባት፤ አንዳንዱ ፍሳሽ ጥፋት እንዳልሆነ። ፀሐይ ሞቅ ሲልና ካሜራው የሚበር ንብ ሲያይ እዚህች ቦታ ብቻ አንጠባጥብ፣ ሲመሽ ዝጋ። በምን ያህል ፍጥነት ይሁን በሚለው ላይ ግን አጎትና የእህት ልጅ ተጨቃጨቁ።

«እንደ እኔው አድርጉት» አለች ልብስ አጣቢዋ ከአጥሩ ማዶ።

እንደ እሷው አደረጉት።

በማግስቱ አንዲት ንብ መጣች። ድርቅ እርጥቡ መሬት ላይ በሆዱ ተኝቶ ነበር። ጭቃውን በመንጋጋዋ ጫረች፣ አድበለበለች፣ ጭንቅላቷን የሚያህል እንክብል ይዛ ተነሣች፤ ሸንበቆው ውስጥ ገባች። የእህቱ ልጅ በባትሪ አበራችለት። ንቧ ጭቃውን እየጠቀጠቀች ግድግዳ ለሰነች። ወጣች፤ ዱቄት ይዛ ገባች፤ ወጣች፤ ገባች። ዱቄቱ ሲከመር እላዩ ላይ አንዲት እንቁላል ጣለች፤ በጭቃ ዘጋችው፤ ሌላ ክፍል ጀመረች።

«ከውስጥ በኩል የምትጥላቸው ሴቶች ናቸው» አለች የእህቱ ልጅ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «ወንዶቹን ደጃፍ ላይ ታደርጋቸዋለች፤ ቀድመው ስለሚወጡ። ግድግዳው አንዱ ፊቱ ልስልስ፣ አንዱ ሻካራ ነው። ልጆቹ በዚያ ጨለማ መውጫው ወዴት እንደሆነ የሚያውቁት በዚያ ነው ይባላል።»

«ልጆቿን መቼ ታያቸዋለች?»

«አታያቸውም። ከመውጣታቸው በፊት ትሞታለች።»

ከኋላቸው ቫልቩ ጠቅ ብሎ ተከፈተ፤ ጠብታው ወረደ። ማሽኑ ንብ ምን እንደሆነች አያውቅም፤ ንቧም ውኃውን ማን እንደሚከፍትላት አታውቅም። ሁለቱ ሳይተዋወቁ፣ ሳይመሰጋገኑ፣ አንዱ ያረጥባል፣ አንዷ ትለስናለች። በዚህ ላይ ልናሾፍ ቃል ፈልገን አጥተናል።

«እኔ ስንት ግድግዳ ለስኛለሁ» አለ ድርቅ። አልጨረሰውም።

ሸንበቆዎቹ አንድ በአንድ በጭቃ ታሸጉ። አበባው ረገፈ። እህቱ መሰላሉን ተደግፋ አንዱን ቅርንጫፍ ወደ ፊቷ ሳበች፤ አበባው በነበረበት ሁሉ አረንጓዴ ጉብታ ተሰድሮበታል። ሌላውን ሳበች፤ እዚያም አለ። ከዛፍ ዛፍ ሄደች፤ ማንም አልተከተላትም። ስትመለስ ዓይኗ ቀልቷል።

«ያን ባለ መጋዝ አትምጣ በይው» አለች ለልጇ። ወደ ወንድሟም ዞራ፣ «አንተም ክፍልህን ጥረግ፤ ጭቃ በጭቃ አድርገሃታል» አለችው።

እንግዲህ አንባቢ ሆይ፣ ግቢህን ከአጥር እስከ አጥር ሲሚንቶ ልታለብስ ያሰብክ፣ ጭቃ የሚባል ነገር ከደጅህ እንዲጠፋልህ ግንበኛ የጠራህ፣ ለአንተ አንድ ልመና አለን። ዛፍ ትከል አንልህም፤ ማሽን ግዛም አንልህም። ነገ ግንበኛው አካፋውን ይዞ ሲመጣ፣ ከቧንቧው ሥር፣ መዳፍህን የምታህል ቦታ ብቻ፣ እባክህ፣ ሳታስለስን ተዋት።