ዓሣ የተሳለበት ክዳን

ቅዳሜ፣ ጎህ ሲቀድ፤ ዋይትሆል

የጋሼ ታደለ መኪና ገና አልሞቀም። የኋላ ወንበሩ ላይ ሁለት የዓሣ ማጥመጃ ዘንግ፣ አንድ ባልዲና በፎይል የተጠቀለለ ፍርፍር አለ። ጋሼ የአባቴ አብሮ አደግ ናቸው፤ ኦሃዮ ከመጣሁ ጀምሮ የምኖረው ዋይትሆል ከተማ እሳቸው ቤት ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ከቤታችን ጀርባ ባለው ቢግ ዋልነት ወንዝ ያጠምዳሉ። ዘንድሮ ግን ባልዲው ባዶውን ይመለሳል።

«አንቺ ስለ ውሃ የተማርሽ አይደለሽ?» አሉኝ ሞተሩን እያስነሱ። «ዓሣው ለምን እንደጠፋብኝ ዛሬ ወንዙን ከላይ ጀምረን አይተን ትነግሪኛለሽ።»

ከመልሱ ከፊሉን አውቀው ነበር። ጋሼ የመኪናቸውን ዘይት ራሳቸው ይቀይራሉ፤ የተቃጠለውን በራችን ፊት ባለው የጎርፍ መውረጃ ያፈሱታል። ያ መውረጃ ወንዙ ውስጥ እንደሚገባ ሦስት ዓመት ሙሉ አልነገርኳቸውም። ያስጠጋኝን ሰው ለማረም አፈርኩ።

ሁለት ሰዓት ገደማ፤ ግድቡ

ከከተማው በስተሰሜን ወንዙ ተገድቦ ሐይቅ ሆኗል። ዳርቻው ላይ አዳዲስ ቤቶች እየተሠሩ ነው፤ ከተቆፈረው መሬት ቡናማ ጭቃ ወደ ውሃው ይወርዳል። በደብተሬ ጻፍኩ።

አራት ሰዓት፤ ጋሃና

በዚህች ትንሽ ከተማ ደግሞ የቤቶቹ ሣር እስከ ወንዙ አፋፍ ተከርክሟል። አንድ ሰውዬ ማዳበሪያ ይበትናል፤ ከታች ጥግ የያዘው ውሃ አረንጓዴ ለብሷል። ፍርፍሩን ቆመን በላን።

«ምናልባት አያውቅ ይሆናል» አልኩ።

«ጎረቤትስ የለውም? ገለል አድርጎ የሚነግረው?»

ደብተሬን ከፈትኩ። ማዳበሪያውንም ጻፍኩ። የሌላ ሰው ጥፋት ለመጻፍ እጄ አይሰንፍም።

ስድስት ሰዓት፤ ተመልሰን ዋይትሆል

መኪናውን በራችን አቁመን በእግር ወደ ወንዙ ወረድን። ከአንድ የሲሚንቶ ቱቦ አፍ ሥር ዘይት ውሃው ላይ ተንሳፍፎ በየቀለሙ ያብለጨልጫል።

«የቱ ህሊና ቢስ ነው!» አሉ ጋሼ።

ሳያውቁ ራሳቸውን ሲሰድቡ መስማት አልቻልኩም።

«ጋሼ… ቱቦው ከእኛ በር ነው የሚመጣው።»

«ከተማው አያጣራውም እንዴ?»

«የሚያጣራው የቤት ፍሳሹን ነው። የጎርፉ በቀጥታ እዚህ ይገባል። የመውረጃው ክዳን ላይ ዓሣ የተሳለው ለዚያ ነው።»

«እኔ ደግሞ ጌጥ መስሎኝ!» ሊስቁ ሞከሩ፤ አልሆነላቸውም። «መቼ አወቅሽ?»

«በመጣሁ በሳምንቱ።»

ባልዲውን ከመሬት አነሱ። «ታዲያ ይህን ደብቀሽኝ ሦስት ዓመት አብረሽኝ ስትበዪ ነበር?»

ቤት እስክንደርስ ከፊቴ ከፊቴ ሄዱ። በራችን ሲደርሱ ክዳኑ አጠገብ ጎንበስ ብለው የረገፈውን ቅጠል በእጃቸው ጠረጉ። ዓሣው ታየ።

በዚያ ቀን ያየነው ዓሣ እሱ ብቻ ነው።