ከጃኬቱ የማይረዝም ዕዳ

ኖምቱንዚ በደቡብ አፍሪካ፣ በኮማኒ ከተማ ሆስፒታል የልብስ ማጠቢያ ክፍል አሥራ ሰባት ዓመት የሰው አንሶላ ስታጥፍ ኖራለች። በዚያ ታኅሣሥ ግን እጇ አንሶላው ላይ፣ ልቧ ተራራው ላይ ነበር። አንድ ልጇ ሉንጊሳ እንደ ወጋቸው ተገርዞ ጎልማሳ ሊሆን ከእኩዮቹ ጋር ተራራው ላይ የጫካ ጎጆ ከገባ ሦስተኛ ሳምንቱ ነው፤ ሴት፣ እናትም ብትሆን፣ ወደዚያ አትጠጋም። ምን ታድርግ? ታንጎራጉራለች፦

ተራራው ተራራው፣ አደራህን ስማኝ፣
ልጅ ነው የሰጠሁህ፣ ሰው አርገህ መልስልኝ።

ቅዳሜ ይመለሳል። እንደ ወጉ ጎጆው ይቃጠላል፣ የልጅነት ልብሱ ለታናናሾች ይታደላል። እሱ ግን ከእግር እስከ ራሱ አዲስ ለብሶ፣ ኮፍያ ደፍቶ፣ ጃኬት ደርቦ ስድስት ወር ይዞራል፤ ፀሐይ ቢያነድም አያወልቅም። ጃኬት የሌለው አዲስ ጎልማሳ ከታየ ራቁቷን የቀረችው እናቱ ናት። ባሏ ከሞተ አራት ዓመቱ ነው፤ ያጠራቀመችውም ለመመለሻው ድግስ በግና ጠላ አልቋል።

ሐሙስ ከሥራ ስትወጣ ልብስ መደብር ገባች። ጃኬት፣ ሱሪ፣ ሸሚዝ፣ ጫማ፣ ኮፍያ፤ ሁለት ሺህ አራት መቶ ራንድ።

«በእኛ የዱቤ ካርድ ይውሰዱት፣ ማማ» አለቻት ሒሳብ ተቀባይዋ ልጅ። «በስድስት ወር ከከፈሉ ወለድ የለውም።»

«ካልከፈልኩስ?»

«ያው... ያኔማ ወለድ አለው።»

«ያው ያልሽው ስንት ነው፣ ልጄ?»

ልጅቷ ወረቀቱን አዙራ ሰጠቻት። ኖምቱንዚ በጣቷ እየተከተለች፣ ሰው እስኪሰለፍ ድረስ አነበበች። «ይቺ በየወሩ ሠላሳ አምስት ራንድስ?»

«የቀብር መድን ናት። መጽሔትም ይደርስዎታል።»

«የቤተ ክርስቲያን መድን አለኝ፣ የመሥሪያ ቤት አለኝ። ስንቴ ልሙትላችሁ? ሰርዢያት!»

ከኋላ የተሰለፉት ሳቁ። ልጅቷም እየሳቀች ሰረዘችው፤ ከዚያ ማሽኑን አይታ «ዘጠኝ ሺህ ተፈቅዶልዎታል!» አለች።

ዘጠኝ ሺህ! ኖምቱንዚን በዕድሜዋ ማንም ይህን ያህል አምኗት አያውቅም። ከጎኗ ቀይ ካፖርት ተሰቅሏል፤ እጅጌውን ስትዳስሰው የሚወዳት ሰው እጅ ይመስል ሞቃት። የሌላ ሰው አንሶላ ሲያሞቅ የኖረ እጅ፣ ለራሱ አንድ ሙቀት ቢወስድ ማን ይፈርድበታል? ቆመች። በወር አራት መቶ፣ ስድስት ወር፤ ሉንጊሳም ጃኬቱን የሚያወልቀው በስድስት ወር። ካፖርቱ ቢጨመርስ? ልጁ ጃኬቱን አውልቆም ዕዳው ይቀጥላል።

«ዕዳዬ ከልጄ ጃኬት አይርዘም» አለች። «የሱን ብቻ ጠቅልይልኝ።»

ቅዳሜ ጎልማሶቹ ወረዱ፣ ሴቶቹ እልል አሉ። ጃኬቱ ለሉንጊሳ ትከሻ ሰፍቶ ነበር። ሦስት ቀን ድስት ስታማስል የሰነበተችው የባሏ ታላቅ እህት ቡዬልዋ፣ ኖምቱንዚን በጎሳዋ ስም ጠርታ፣

«ማራዴቤ፣ ለሱ ነው ወይስ ለአጎቱ የገዛሽው?» አለች።

«ይሞላዋል፣ ሲሲ፣ እህቴ! በልቶ ይሞላዋል!»

ከጥር ጀምሮ ደሞዝ በገባ ቁጥር አራት መቶ እየከፈለች መጣች። በዚያ ቤት ሥጋ የእሑድ ብቻ ሆነ። መደብሩ ግን በስልኳ ይጠራታል፤ ያልተነካ ገንዘብ አለሽ፣ ነይ ይላል። አልሄደችም።

ግንቦት ላይ፣ የዚያ አገር ብርድ ሲገባ፣ ቡዬልዋ መጣች። ሻይዋን ሳትቀምስ ጀመረች።

«ካርድሽን ለቅዳሜ ስጪኝ። የአንድ ሺህ ስድስት መቶ ካፖርት አይቻለሁ፤ በየወሩ እመልስልሻለሁ።»

ለባል ታላቅ እህት እምቢ ይባላል? ኖምቱንዚ ስኒውን አየች፣ በሩን አየች።

«አልችልም፣ ሲሲ።»

«እንዴ! በድግስሽ እጄ የተላጠው ለማን ነው?»

«ለእኔ ነው። አንድ ወር ቢጎድልሽ መደብሩ የሚደውለው ለእኔ ነው። እኔ ደግሞ ያን ጊዜ ደጅሽ የምቆመው እንደ አበዳሪ እንጂ እንደ ዘመድ አይደለም።»

«ወንድሜ ቢኖር ይሰጠኝ ነበር!»

«ይሰጥሽ ነበር። ከፋይዋም እኔ ነበርኩ።»

ቡዬልዋ ሳትወድ ፈገግ አለች፤ ቶሎም ፊቷን አጠቆረች።

«ስሚኝማ» አለች ኖምቱንዚ ዝግ ብላ። «ዕዳዬን በሰኔ እጨርሳለሁ። በሐምሌና በነሐሴ በየወሩ ያቺን አራት መቶ ለአንቺ አስቀምጣለሁ፤ እሷ የድስትሽ ውለታ ናት። አንቺም ያንኑ ያህል አምጪ። በጥሬ ገንዘብ እንገዛዋለን።»

«በነሐሴ! ብርዱ ሊወጣ ሲል?»

«ያኔ ዋጋውም ይወርዳል። እስከዚያ ሹራቤን ልበሺ» አለችና አውልቃ ዘረጋችላት።

ቡዬልዋ ሹራቡን ቀማ አድርጋ ተነሣች፤ ደህና ዋይም አላለች። ኖምቱንዚ ኮቴዋን አዳመጠች። ኮቴው አጥሩ ጋ ቆመ።

«ግራጫ ነው የምፈልገው!» የሚል ድምፅ መጣ። «ጥቁር እንዳታመጪብኝ፣ ማራዴቤ!»