በጥላ ያሳደግኩት ፓፓያ

ልጅ እያለሁ፣ በጃንሆይ ጊዜ፣ ድሬዳዋ ከምሳ በኋላ በር ዘግታ ትተኛ ነበር። አባዬ ከባቡር ጣቢያ ሥራው መጥቶ ምሳውን በልቶ ጋደም ይላል፤ እኛም ሲሚንቶው ላይ ውሃ ረጭተን እንዘረራለን። በዚያ ሰዓት ፀሐይ ላይ የሚቆም እብድ ብቻ ይመስለኝ ነበር። ጥፋቴም የመጣው ከዚሁ ነው።

የሦስተኛ ክፍል መምህራችን ለእያንዳንዳችን የፓፓያ ችግኝ ሰጡን። ትምህርት ሲዘጋ ጠንክሮ የተገኘው ትምህርት ቤቱ ግቢ ይተከላል፣ የባለቤቱም ስም ይጻፍበታል ተባለ። እኔ በደስታ እንቅልፍ አጣሁ። ከጓሮ የሚያጣብቅ አፈር ቆፍሬ ባዶ የዘይት ቆርቆሮ ውስጥ ጠቅጥቄ ተከልኩት። እንዳይሞቀው አልጋዬ ሥር አስቀመጥኩት፤ እንዳይጠማው ጠዋት ማታ አጠጣሁት። እሱ ግን ቀጥኖ ተመዘዘ፣ ቅጠሉ ገረጣ፣ ሥሩም ይለሰልስ ጀመር። ትምህርት ሊዘጋ የቀረው ሁለት ወር ነበር።

አንድ ቀን ቤተሰቡ እንደተኛ ቆርቆሮዬን ታቅፌ ወጣሁ። የደረቀው የደቻቱ ወንዝ አሸዋ በነጠላ ጫማዬ እየገባ እግሬን ሲጠብሰኝ፣ እያለቀስኩ ማዶ ያለው መጋላ ሰፈር ድረስ ሮጥኩ። ፓፓያ የሚሸጡት አሮጊት፣ አዴ ፋጡማ፣ እዚያ ነበሩ፤ ጓሯቸው በዛፍ ብዛት ጫካ ነበር። ችግኙን አገላብጠው አዩና ሳቁብኝ።

«አቦ አንቺ ልጅ፣ አንቺ ፀሐይ ስለምትፈሪ እሱም የሚፈራ መሰለሽ? በውሃ አንቀሽ ልትገድዪው ነው፣ ወላሂ።»

የቆርቆሮውን ቂጥ በምስማር በሱልኝ። ጎርፍ ያመጣውን ደለል፣ አሸዋና የከረመ የፍየል በጠጥ ቀላቅለው መዳፌ ላይ አደረጉልኝ።

«አፈሩ ስትጨብጪው ይያዝ፣ ስትነኪው ይፍረስ። ደሞ በአንዴ ፀሐይ አታውጪው፣ ይቃጠላል። መጀመሪያ የጠዋቷን ብቻ፣ ከዚያ ቀስ እያልሽ።»

በዚያው አፈር መልሼ ተከልኩት፤ ከዚያ በኋላማ ማን ይተኛል! ፀሐይዋ ስትዞር እኔም ቆርቆሮዬን ይዤ እዞራለሁ። በሁለተኛው ሳምንት አንድ ወፍራም፣ ጥቁር አረንጓዴ ቅጠል ብቅ አለ። ቤቱን በጩኸት ቀሰቀስኩት፤ አባዬ ሳይቆጣ በካኒቴራ ወጥቶ አየልኝ። ትምህርት ሲዘጋ ፓፓያዬ ከትምህርት ቤቱ ቧንቧ አጠገብ ተተከለ፣ ስሜም ተጻፈበት።

ዛሬ ሳቢያን ሰፈር ያለው ግቢዬ ፓፓያና ጊሽጣ ሞልቶታል። አፈሩን ሳላይ በእጄ አውቀዋለሁ፤ የትኛው ተክል ፀሐይ፣ የትኛው ጥላ እንደሚወድም እንደዚያው። አንዱ ሲደርቅብኝ ነቅዬ ሌላ እተክላለሁ፣ ምንም አይመስለኝም። አንድ ችግኝ ታቅፋ በዚያ ሐሩር ደቻቱን እያለቀሰች በተሻገረችው ልጅ ግን እቀናለሁ።