ሰበታን የያዘው ላፕቶፕ

አክስቴ ጡረታ ከወጣች ወዲህ ሥራዋ ሰው ማጋባት ሆነ። ሰበታ ውስጥ ያላገባ ሰው ካለ እሷ ጋ ተመዝግቧል፤ ዕድሜው፣ ቁመቱ፣ ጠባዩ፣ ከቀድሞ እጮኛው ለምን እንደተለያየ ሳይቀር። በደብተር የነበረውን ሁሉ ላፕቶፕ ላይ የጻፍኩላት እኔ ነኝ።

አንድ ቀን ላፕቶፑ እየሠራንበት በራሱ ይጠፋ ጀመር። በማግስቱ ደግሞ ፋይሎቹ አልከፈት አሉ። ከዚያ ቀይ ጽሑፍ ብቅ ብሎ ኮምፒውተሩ በቫይረስ እንደተጠቃ፣ በተሰጠው ቁጥር ካልደወልን ያለን ሁሉ እንደሚጠፋ ነገረን። አክስቴ ልታግባባቸው ስልኳን አነሳች። ሌቦቹ ራሳቸው እነሱ ናቸው ብዬ ስልኩን ተቀበልኳትና ኢንተርኔቱን አቋረጥኩ።

ሰበታ ውስጥ የማውቃቸውን ሦስት የኮምፒውተር ጠጋኞች ብጠራላት አንዳቸውንም አልተቀበለችም። ሁለቱ ራሳቸው ዝርዝሩ ውስጥ አሉ፤ የሦስተኛው እህት አለች።

"ማንም የማያውቀን ቦታ እንሂድ" አለችኝ።

ቡራዩ ሄድን። መንገዱን ሙሉ ላፕቶፑን በነጠላዋ ሸፍና እንደሚጠባ ልጅ ደረቷ ላይ አቅፋው ነበር።

ጠጋኙ አርባ ዓመት ገደማ የሚሆነው ዝምተኛ ሰው ነው። በኦሮምኛ ሰላም ብሎን ወንበር ሰጠን። አክስቴ ወንበሯን ጎትታ ከጀርባው ተቀመጠች። ቫይረሱን ከማጽዳቱ በፊት ፋይሎቹን ወደ ሌላ ዲስክ መገልበጥ እንዳለበት ሲነግራት፣ ሳያይ እንዲገለብጥ ለመነችው። እሱም አልሳቀባትም። ስክሪኑን ወደ እኔ አዞረና የቱ ጋ እንደሚጫን ንገሪኝ አለኝ። በዚህ ዓይነት ግማሽ ቀን ፈጀን።

ቀጥሎ የላፕቶፑን ሆድ ፈታው። ማቀዝቀዣ ማራገቢያው የጥጥ ብናኝ ሞልቶበታል። ምን ላይ እንደምናስቀምጠው ሲጠይቅ አክስቴን አየኋት። ሰው እንዳያየው ብላ እንደበራ በጋቢ ትጠቀልለው ኖሯል። የሚጠፋው በሙቀት ነበር። ቫይረሱ ደግሞ ከፎቶ ቤት የሙሽራ እጩዎች ፎቶ በመጣበት ፍላሽ ገብቷል።

ሁሉንም ካጸዳና ፋይሎቹ ከተከፈቱ በኋላ የይለፍ ቃል እንድታበጅ ነገራትና ፊቱን ወደ ግድግዳው መለሰ። እኔንም ፊቴን አስዞረችኝ። ልንወጣ ስንል ጠራት።

"እናቴ፣ እንዳላይ ብሞክርም ጥቂት ስሞች አይቻለሁ። ለማንም አልናገርም። ግን ሰዎቹ እዚህ ውስጥ እንዳሉ ያውቃሉ?"

ወደ ሰበታ ተመለስን። ሰኞ ጠዋት አክስቴ አጠገቧ አስቀምጣኝ ዝርዝሩ ውስጥ ላሉት ለእያንዳንዳቸው ትደውል ጀመር፤ ልውጣ ያለ እንዲወጣ። ይቆጣሉ ብዬ ስጠብቅ፣ አብዛኞቹ ስማችን ይቀመጥ አሉ። አንዲት ፋርማሲ የምትሠራ ሴት ግን ካገባች ሁለት ዓመት ስለሆናት እንድትሰረዝ ጠየቀች። አክስቴን ጋብቻው ሳይነገራት በመቅረቱ ቀኑን ሙሉ ከፋት።

አንድ የሒሳብ መምህር ስለ እሱ የተጻፈው እንዲነበብለት ፈለገ። አነበበችለት። ሰምቶ ሲጨርስ "ነዝናዛ" የሚለው እንዲቀየር በትሕትና ለመነ። አክስቴ ስልኩን በእጇ ከድና ሌላ ቃል እንድፈልግ ጠየቀችኝ።

"ጠያቂ" አልኳት።

እሱም ደስ አለው። ቁመቱ ላይም ትንሽ እንድትጨምርለት ጠይቋት ነበር፤ እዚያ ላይ ግን አልተስማማችም።